ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

የእድራችን ጸሐፊ ጋሼ ባለፈው በጋ አስጠሩኝ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ አዲስ ላፕቶፕ ልካላቸው ነበር። ደብረ ብርሃን በጥር እንዴት እንደምትበርድ የሚያውቅ ያውቃል፤ ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይጠብቁኛል። «በል እንግዲህ ልጄ፣ እዚህ ያለውን ሁሉ ወደዚህኛው ገልብጥልኝ። ቡናው እስኪፈላ ትጨርሳለህ አይደል?» አሉኝ። እኔም አዎ አልኩ። ፍላሼን ሰካሁ። ዶክመንት የሚለውን ፎልደር ገለበጥኩ፣ ዴስክቶፕ ላይ የተበተነውን ገለበጥኩ፣ አዲሱ ላይ ፔስት አደረግኩ። እውነትም ቡናው ሳይወርድ ጨረስኩ። ከዚያ ጋሼ የእድሩን መዝገብ ከፈቱት።

የአባላቱ ስም የለም። በስሙ ፋንታ የፈረንጅ ፊደል፣ ኮማ፣ ቅንፍና ምልክት ተዘባርቆ ገጹን ሞልቶታል። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው። የዓመታት መዋጮ፣ የዓመታት ለቅሶ የተመዘገበበት ነው። ልቤ ድንግጥ አለ።

ፋይሉ ግን አልተበላሸም ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ኮምፒውተር ቀይሬያለሁ የሚል ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ ፍላሽ አላወጣም። መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ዕቃ ማሻገር የቤት ለውጥ ማለት ነው፤ ሶፋና አልጋው ጋሪ ላይ ይጫናል፣ የመብራት ቆጣሪው ግን አብሮ አይመጣም።

ሰሞኑን ደግሞ ጥያቄው በዝቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽን ላይ አልጫንም ይላል፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው ማሽን እየቀየረ ነው።

ሳትመርጡ በፊት

ሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የሚሻገረው ስንት ጊጋ ነው? ሲ ድራይቭ ውስጥ ገብታችሁ፣ ዩዘርስ የሚለውን ከፍታችሁ፣ በስማችሁ ያለውን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ በሉ፣ ይነግራችኋል። ዲ ድራይቭ ካላችሁ እሱንም አትርሱት፣ እኛ ሀገር ሰው ፊልሙንም ዶክመንቱንም ዲ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ማሽን ይነሳል ወይስ አይነሳም?

ሦስተኛው ዋናው ነው። በየቀኑ የምትከፍቱት ፕሮግራም ምንድን ነው? ዎርድ ብቻ የሚጠቀም ሰውና ፒችትሪ ላይ የድርጅት ሂሳብ የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት መንገድ አይመርጡም። አንዱ የሚያሻግረው ፋይል ነው። ሌላኛው የሚያሻግረው ሥራውን በሙሉ ነው።

ፍላሽ እያመላለሱ

ሁሉም የሚጀምረው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም ፍላሽ ኪስ ውስጥ አለ። ከ10 ጊጋ በታች ከሆነና ዶክመንት ብቻ ከሆነ ምንም አይልም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አልመክርም፣ ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

ብዙ ፍላሽ ፋት 32 በሚባል ፎርማት ነው የሚመጣው። ይኼ ፎርማት ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 64 ጊጋ ቢሆንም፣ ባዶ ቢሆንም፣ 5 ጊጋ የሆነውን የሠርግ ቪዲዮ አልወስድም ይላል። ሰው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም፤ ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ ኤክስፋት ብላችሁ ፎርማት ብታደርጉት ይወስዳል።

ሌላው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ካላችሁ ታውቁታላችሁ። ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ጥግ ላይ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ይሆናሉ፣ እውነተኞቹ ይደበቃሉ። በንጹሕ አዲስ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የምትሰኩት ነገር እንዲህ ያለ ፍላሽ ከሆነ አዲሱን ማሽን በአሮጌው በሽታ መረቃችሁት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መዘበራረቁ ነው። 16 ጊጋ በያዘች ፍላሽ 200 ጊጋ ለማሻገር አሥራ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለባችሁ። ስድስተኛው ላይ ስልክ ይደወላል። ስትመለሱ የቱን እንደወሰዳችሁ የቱን እንዳልወሰዳችሁ አታውቁም። ያኔ የተረሳው ፎልደር የሚፈለገው አሮጌው ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ

የእኔ ምርጫ ይኼ ነው፣ አልደብቃችሁም። አሮጌው ማሽን የሚነሳ ከሆነና የሚሻገረው ከ20 ጊጋ በላይ ከሆነ፣ ገዝታችሁም ሆነ ተውሳችሁ ኤክስተርናል ያዙ።

ፍጥነቱን እንይ። ዩኤስቢ 2.0 ላይ ከተሰካ በተግባር በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል፣ ስለዚህ 200 ጊጋ ሁለት ሰዓት ሊደርስ ይፈልጋል። ዩኤስቢ 3.0 ላይ ከተሰካ ተሽከርካሪው ዲስክ እንኳን በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፣ ያው 200 ጊጋ በ35 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ልዩነቱ የቀዳዳ ነው! ብዙ ላፕቶፕ ላይ 3.0 የሆነችው ቀዳዳ ውስጧ ሰማያዊ ነች። እሷን ፈልጉ። ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ይዛችሁ በጥቁሯ ሰክታችሁ ከሰዓታት ጋር አትታገሉ።

ይኼ ስሌት ለትልልቅ ፋይል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎችና ዶክመንቶች ከሆኑ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን መክፈትና መዝጋት ስላለበት። አትደናገጡ፣ ተዉት ይሥራ።

እዚህ ላይ መብራቱን አስቡት። ዴስክቶፕ ላይ እየገለበጣችሁ መብራት ቢጠፋ ኮፒው መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ፈጽሞ ከት አላደርግም፣ ሁልጊዜ ኮፒ ነው፤ ከት ካደረጋችሁ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ቴራኮፒ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር እጠቀማለሁ። ማቆም፣ ከቆመበት መቀጠል፣ ሲጨርስም የተገለበጠው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል። ሶፍትዌር መጫን ካልፈለጋችሁ ዊንዶውስ ራሱ ውስጡ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለው፣ እሱም ከተቋረጠበት ይቀጥላል፣ ግን በጥቁሩ መስኮት ላይ መጻፍ ይጠይቃል።

ሲያልቅ በሁለቱም በኩል ፕሮፐርቲስ ብላችሁ የፋይሉን ብዛትና መጠን አወዳድሩ። 41,208 ፋይል ከነበረ 41,208 መሆን አለበት። አንድ እንኳ ቢጎድል የቱ እንደጎደለ ሳላውቅ አልተኛም።

ሌላም ጥቅም አለው። ማሻገሩ ካለቀ በኋላ ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂ አይጠፋም፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? ቅጂያችሁ አንድ ብቻ ከሆነ እናንተም አትጫወቱ።

ሁለቱን በኔትወርክ ኬብል ማገናኘት

ይኼን መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም። መሐል ሜዳ የሚያስተምር ዘመዴ ጋ ሄጄ ነው የወደድኩት። ኤክስተርናል የለም፣ የሚዋስበትም የለም፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ሁለቱ ላፕቶፖች ግን ባትሪያቸው ሙሉ ነው። አንድ የኔትወርክ ኬብል አገኘን። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ አንዱን ጫፍ እዚያ ሰካን። ዋይፋይ ሳጥን አያስፈልግም፣ ድሮ እንደነበረው የተለየ ክሮስ ኬብልም አያስፈልግም፣ የአሁኖቹ ማሽኖች ራሳቸው ያስተካክሉታል። መብራት ሳይመጣ ሥራው አለቀ።

ሁለቱም ጊጋቢት ወደብ ካላቸው በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል፣ ማለትም ከኤክስተርናል አይተናነስም፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገለበጠው፤ በኤክስተርናል ከሆነ ወደ ዲስኩ አንዴ፣ ከዲስኩ ደግሞ አንዴ ነው። አንዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ግን (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ 200 ጊጋው አምስት ሰዓት ይወስዳል።

ችግሩ ሴቲንጉ ነው። አሮጌው ላይ ፎልደሩን ሼር ማድረግ፣ ኔትወርኩን ፕራይቬት ማለት፣ የፋይል ማጋራቱን መክፈት ይጠይቃል። አንዳንዴ አንዱ ማሽን ሌላውን አላየሁም ብሎ ድርቅ ይላል። ደግሞ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች የኔትወርክ ቀዳዳ የላቸውም። ትንሽ የሚሞክር እጅ ላለው ሰው እንጂ ለጋሼ አልመክረውም።

ዲስኩን ነቅሎ ማውጣት

አሮጌው ካልተነሳስ? ቦርዱ ከሞተ፣ ስክሪኑ ከተሰበረ፣ ቻርጅ ካልተቀበለ? አብዛኛውን ጊዜ ፋይላችሁ ደህና ነው። ማሽኑ ሞተ ማለት ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም። ላፕቶፑን ከፍቶ ዲስኩን ማውጣት፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬዝ ውስጥ ማስገባት፣ አዲሱ ላይ መሰካት ነው። እንደ ኤክስተርናል ይነበባል። ኬዙ ከሃርድ ዲስክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፣ ርካሽ ነው።

ስትገዙ ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱ። ጠፍጣፋው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ አንድ ዓይነት ኬዝ ይፈልጋል፣ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም ነጥብ 2 ደግሞ ሌላ፣ እሱም በውስጡ ሁለት ዓይነት አለው። በቃል ብቻ ገዝታችሁ መጥታችሁ አልገባም ቢላችሁ ሌላ ቀን ይበላል።

አንድ ነገር በጣም ልለምናችሁ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አድርጋችሁ አትክፈቱት። እኛ ከተማ ብርድ ልብስ ይመረታል፣ በየቤቱ አለ፣ ላፕቶፕ ደግሞ ብርድ ልብስ ላይ መክፈት ይመቻል። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ነው። ማታ ሹራብ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ ሲል ሰምታችኋል፣ ጨለማ ከሆነም ብልጭ ሲል አይታችኋል። ያቺ ብልጭታ ለእናንተ ምንም አይደለችም፣ የዲስኩን ቦርድ ግን ልትገድል ትችላለች። እንጨት ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት፣ ለምሳሌ የውሃ ቧንቧ፣ ንኩ፣ ባትሪውንም መጀመሪያ ንቀሉ።

ሁለት መሰናክል ሊገጥማችሁ ይችላል። አዲሱ ኮምፒውተር «ፈቃድ የላችሁም» ካለ ኮንቲኒው በሉት፣ ትንሽ ቆይቶ ይከፍታል። «የቢትሎከር ቁልፍ አስገቡ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዲስኩ ተቆልፏል፣ ባለ 48 አሃዝ ቁልፉ ካልተገኘ ማንም ባለሙያ አይከፍተውም። በቅርብ ዓመታት የተገዙ ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ እንዲህ ተቆልፈው ነው የሚሠሩት። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ሲከፈት በተመዘገበው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። አሮጌው ማሽናችሁ ዛሬ የሚነሳ ከሆነ ዛሬውኑ ገብታችሁ እዩትና ወረቀት ላይ ጻፉት።

ዲስኩ ሲሰካ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ወዲያው ንቀሉት። ደጋግሞ መሞከር የቀረውንም ይፍቀዋል።

ኢንተርኔት ላይ መስቀል

ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ ነጻ ይሰጣል፣ ይኼ ግን ከጂሜላችሁና ከፎቶዎቻችሁ ጋር የሚጋራ ነው። ዋንድራይቭ 5 ጊጋ ይሰጣል። ለጽሑፍ ሥራ በቂ ነው። ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም፣ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። 200 ጊጋ ማለት 1,600,000 ሜጋቢት ነው። መስቀያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆን 320,000 ሰከንድ ይሆናል፣ ወደ አራት ቀን፣ ሌት ተቀን፣ ሳይቋረጥ። 2 ሜጋቢት ከሆነ ከዘጠኝ ቀን ይበልጣል። ከዚያ ደግሞ ማውረዱ አለ። የዳታው ብርም አለ።

ስለዚህ ለእኔ ኢንተርኔቱ የማሻገሪያ መንገድ አይደለም። ለአንድ በጣም ውድ ፎልደር ሁለተኛ መቀመጫ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የመታወቂያና የዲግሪ ስካን፣ የልጆች የመጀመሪያ ዓመት ፎቶ። ብዙዎቻችን ቴሌግራም ላይ ለራሳችን እንልካለን፣ ያም ይሠራል፣ አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፤ ነገር ግን ፎልደር በፎልደር ስለማይሄድ ሁለት መቶ ፋይል ስትልኩ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል፣ መጀመሪያ ዚፕ አድርጉት።

ዊንዶውስ ባክአፕ የሚባለው በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ያለው መተግበሪያ ደግሞ ፋይል ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ሴቲንግ፣ የዋይፋይ ፓስወርዶችና የመተግበሪያ ዝርዝር ይይዛል። አዲሱን ማሽን ስትከፍቱ በዚያው አካውንት ከገባችሁ ይመልስላችኋል። ፕሮግራሞቹን ራሳቸውን ግን አያመጣም። ቦታውም ያው የዋንድራይቭ 5 ጊጋው ነው። ለሴቲንጉ ብላችሁ አብሩት፣ ትልልቁን ፎልደር ግን አጥፉበት።

አንድ ወጥመድ አለ። ዋንድራይቭ የበራበት ማሽን ላይ ዴስክቶፕ ላይ ያለ የሚመስለው ፋይል ማሽኑ ላይ ላይኖር ይችላል። አጠገቡ ሰማያዊ ደመና ካለ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፣ አረንጓዴ ራይት ካለ ዲስኩም ላይ አለ ማለት ነው። ደመና ያለበትን ያለ ኔትወርክ ልገልብጥ ብትሉ አይሆንም።

ክሎንና አሻጋሪ ሶፍትዌር

ክሎን ማለት ዲስኩን እንዳለ፣ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙ፣ ከነቆሻሻው መቅዳት ነው። ክሎንዚላ በነጻ ይሠራዋል። በዚያው ማሽን ላይ ተሽከርካሪውን ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ ልታስገቡ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ምንም ሳይጎድል ትነሳላችሁ። ወደ ሌላ ማሽን ከሆነ ግን ተዉት። ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ የማሽኑን ዕቃዎች የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ላይገጥም ይችላል፣ ከማሽኑ ጋር የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድም ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው።

ድሮ ዊንዶውስ 7 ላይ ኢዚ ትራንስፈር የሚባል ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ የለም። ፒሲሙቨር የሚባል ፕሮግራሞችን ጭምር የሚያሻግር ሶፍትዌር አለ፣ የሚከፈልበት ነው፣ በውጭ ካርድ ካልሆነ አይገኝም። ከማክ ወደ ማክ የምትሄዱ ከሆነ ማይግሬሽን አሲስታንት ሁሉንም ይጨርስላችኋል፣ ሌላ ምንም አትፈልጉ።

ፋይል ሲገለበጥ አብሮ የማይሄደው

አሁን ወደ ጋሼ መዝገብ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ3.0 እትሙ፣ በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ እኛ የምንጽፈው በብልሃት ነበር። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የድሮው ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ሥዕል አድርገው ነው ያስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ምልክት ነው፤ ለእኛ «ሀ» ሆኖ የሚታየን ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ሥዕሉ ይወልቃል፣ ሥሩ ይታያል። ጋሼ ያዩት ይኼን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ አሮጌው ማሽን እስካለ ድረስ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ የግዕዝ ፎንቶቹን ሁሉ ገልብጡ፣ አዲሱ ላይ ኢንስቶል በሏቸው። መዝገቡ እንደገና ይነበባል። ኒያላ የሚባለው የማይክሮሶፍት የአማርኛ ፎንትም በዊንዶውስ 10 ላይ ሳትጨምሩት አይገኝም፣ ከኦፕሽናል ፊቸር ውስጥ ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን መርጣችሁ ማምጣት ትችላላችሁ። የቀበሌ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ፣ የእድር፣ የማኅበር ጽሑፍ ያላችሁ ሁሉ፣ ከምንም በፊት ፎንታችሁን ያዙ። እነዚህ ጽሑፎች ሌላ ቦታ የሉም።

ፒችትሪ የምትሠሩ፣ የድርጅቱን ፎልደር ገልብጣችሁ ብቻ አትሂዱ። እህቴ የሂሳብ ሠራተኛ ነች፣ እንደዚያ አድርጋ አልከፍትም ብሏታል። ትክክለኛው መንገድ ከፕሮግራሙ ውስጥ ፋይል፣ ባክአፕ ብሎ አንዱን ፋይል ማውጣት፣ አዲሱ ላይ ያንኑ ፕሮግራም መጫንና ሪስቶር ማለት ነው። በዚያን ሰዓት ሌላ ሰው ድርጅቱን ከፍቶ መሥራት የለበትም። አዲሱ ላይ የተጫነው ከአሮጌው የቆየ እትም ከሆነ አይከፍተውም፣ ይኼን ቀድማችሁ እዩ። የፈቃድ ቁጥሩንም ከአሮጌው ላይ ጻፉ። ደግሞ በወር መጨረሻ ወይም በግብር ሰሞን ኮምፒውተር አትቀይሩ።

ብራውዘር ቀላሉ ነው። ክሮም ውስጥ በጂሜላችሁ ገብታችሁ ሲንክ ካበራችሁት ቡክማርኩም ፓስወርዱም አዲሱ ላይ ይጠብቃችኋል። አውትሉክ የምትጠቀሙ ዶክመንት ውስጥ ያለውን፣ ኢሜላችሁ የሚቀመጥበትን የፒኤስቲ ፋይል ፈልጉ። አፕዳታ የሚባል ፎልደር ደግሞ ተደብቆ ነው የሚኖረው፣ ብዙ ፕሮግራም ሴቲንጉን እዚያ ያስቀምጣል፤ ገልብጣችሁ ዲስኩ ላይ አስቀምጡት፣ አዲሱ ላይ ግን እንዳለ አትዝሩት፣ ስትፈልጉ አንድ አንዱን ታወጣላችሁ። ፕሮግራሞችን ከፕሮግራም ፋይልስ ገልብጦ መውሰድ አይሠራም፣ እንደገና መጫን ነው ያለው። ቴሌግራም በስልክ ቁጥራችሁ ስትገቡ ራሱ ይመጣል።

ለማን የቱ

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ የጽሑፍ ሥራችሁን ጉግል ድራይቭ ላይ፣ የቀረውን በተዋሳችሁት ኤክስተርናል። በቃ።

ሸዋ ሮቢት ያለ ፎቶግራፈር ጓደኛዬ 700 ጊጋ የሠርግ ቪዲዮ ነበረው። እሱ ሌላ ምርጫ የለውም፣ ኤክስተርናል ነው፣ ያውም ሁለት። በዩኤስቢ 3.0 ሁለት ሰዓት ፈጀ። ዲስኩን ይዞ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲመጣ በፎጣ ጠቅልሎ እቅፉ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ የመኪናው ጣራ ላይ ሻንጣ ውስጥ አይከተውም። ትክክል ነው። ተሽከርካሪ ዲስክ ጠፍቶም ቢሆን መውደቅና መመታት አይወድም።

ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ማሽን ጠረጴዛ ላይ ካለና የሚችል ሰው ካለ በኔትወርክ ኬብል፤ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ መጀመሪያ ፎንት፣ ቀጥሎ ኤክስተርናል፤ ማሽኑ የሞተባችሁ ዲስኩን ነቅላችሁ በኬዝ።

አሮጌውን ወር ሙሉ አትንኩት

ወዲያው አትሽጡ፣ ለልጅ አትስጡ፣ ፎርማት አታድርጉ። አንድ ወር ሙሉ አዲሱ ላይ ብቻ ሥሩ። የጎደለ ነገር በዚያ ወር ውስጥ ራሱን ያሳውቃችኋል፤ ደመወዝ የምትሠሩበት ሠንጠረዥ፣ በዓመት አንዴ የምትከፍቱት ደብዳቤ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር። ወሩ ሲያልቅ፣ ልትሸጡት ከሆነ፣ ዲሊት ማድረግ አይበቃም፣ ገዢው በነጻ ሶፍትዌር ሊመልሰው ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ዚስ ፒሲ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፋ፣ ከዚያ ድራይቩን አጽዳ የሚለውን አብሩ። ሰዓታት ይወስዳል፣ ቻርጀር ላይ አድርጉትና ተዉት።

የጋሼ አሮጌ ላፕቶፕ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው ያለው። ፎንቶቹን ጭኜ መዝገቡ ሲነበብ ከላይ እስከ ታች ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቧቸው፣ የሞቱትን ጭምር፣ ከዚያ ነው ቡና ቅዳለት ያሉት። ላፕቶፑ ክዳን ላይ ፕላስተር ለጥፈው በራሳቸው እጅ «እስከ የካቲት 30 እንዳይነካ» ብለው ጽፈውበታል። የካቲት 30 አልፏል፣ አሁንም አላስነኩትም።